«ሰው ጎድሏል፣ ዛሬ ማታ ትገባለህ?»

እንዲህ ተብሎ ሲደወል ብዙዎቻችን እሺ እንላለን። ደመወዝ አይበቃም፤ የዲዩቲ ብር የቤት ኪራይ ይደጉማል። ስለዚህ «አትግቡ» አልላችሁም። ግን ቀኑን ቱርሚ ጤና ጣቢያ ስትሠሩ ውላችሁ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ ማታ ጂንካ ሆስፒታል መግባት ሌላ ነገር ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደረሰ ማለት ነው። ሌሊቱ ገና አልተነካም! የሕፃን መድኃኒት መጠን የሚሰላው በዚህ ጭንቅላት ነው።

ኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ ጓንትን በሥርዓቱ ማውለቅና እጅ መታጠብ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ሲደክመን መጀመሪያ የምንዘለው ደግሞ እሱኑ ነው።

እሺ ካላችሁ ከሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኙ። ቀን ሥራ ላይ ከሆናችሁና መተኛት ካልቻላችሁ ለዚያ ቀን «አልችልም» በሉ። ሌሊት የሚተካችሁ ካለ 20 ደቂቃ ማሸለብ ስንፍና አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፤ ሸፈሮም ካፌይን አለው፣ «ገለባ ነው» ብላችሁ አትሸወዱ። ጠዋት ሞተር ይዛችሁ ወደ ቱርሚ አትነሱ፣ እዚያው ጂንካ ተኙ።

የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ስለሚቀሰቅሰው፣ የሌሊት ዲዩቲ ከመያዛችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።