የጥቁር አዝሙድ ዘይት የስቴሮይድን ዕዳ አይከፍልም

አብሮኝ ብረት የሚያነሳ ልጅ አንድ ቀን ጂም ውስጥ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲያይ፣ እኔ ያየሁት ዓይኑን ነበር። ነጩ ክፍል እርድ የነካው ይመስል ቢጫ ሆኗል። «ዓይንህ ምን ነካው?» ስለው «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለኝ። ቀስ በቀስ ሳወጣጣው ሰውነቱን እንደሚያሳክከው፣ ሽንቱም እንደ ወፍራም ሻይ እንደ ጠቆረ ነገረኝ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ አሳየኝ፤ በአንደኛው ኪስ ጡንቻ ለመገንባት የሚወሰድ የስቴሮይድ ኪኒን፣ በሌላው የጥቁር አዝሙድ ዘይት እንክብል። «ጉበቴን በዚህ እየጠበቅሁት ነው» አለ። ከልቡ አምኖ ነው የሚናገረው። ኪኒኑንም እንክብሉንም የሸጠለት አንድ ሰው ነው፤ ይህን እምነት ያስጨበጠውም እሱው።

ብዙ የጂም ወሬ ሰምቼ አልፌያለሁ። ይህኛውን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ተረት፦ «ጥቁር አዝሙድ ከወሰድክ ስቴሮይድ ጉበትህን አይነካውም»

እምነቱ ከሜዳ አልተነሳም። ጥቁር አዝሙድ በቤታችን የተከበረ ነው። ዳቦው ላይ ይነሰነሳል፣ በርበሬው ውስጥ ይገባል፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን በንጹህ ጨርቅ ቋጥረው እያሹ ያሸትቱናል። በእስልምና ትውፊትም ትልቅ ስፍራ አለው። ሳይንሱም ቢሆን ባዶ አይደለም። በዘይቱ ውስጥ ያለው ቲሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ተሞክሮ ልዩ ልዩ መርዞች በጉበት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ሲቀንስ ታይቷል። በሰዎች ላይ በተደረጉ አነስተኛ ጥናቶችም የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሲያደርግ ተስተውሏል። እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ስህተቱ የሚጀምረው «ለጉበት ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ «ኪኒኑን በሰላም ዋጥ» ወደሚል ፈቃድ ሲለወጥ ነው። ኪኒኑ ጉበትን የሚጎዳው በአጋጣሚ አይደለም። ተራ ቴስቶስትሮን በአፍ ቢዋጥ ጉበት ገና በመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ሰባብሮ ያስወግደዋል። እንደ ዲያናቦልና ስታኖዞሎል ያሉ የሚዋጡ ስቴሮይዶች የተቀመሙት ጉበት እንዲህ በቀላሉ እንዳይሰብራቸው ተደርገው ነው። ጡንቻ ድረስ እንዲደርሱ ያስቻላቸው ይኸው ለውጥ ጉበትን የሚያስጨንቅ ሆኗል። ሐሞት እንደ ልቡ መፍሰስ ያቅተዋል፤ ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ቀለም በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዓይን ቢጫ ይለብሳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽንት ይጠቁራል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ጉበት ላይ ዕጢ ወይም በደም የተሞላ ከረጢት ሊያበቅል ይችላል። ኪኒኑ በየቀኑ እየገባ ሳለ ይህን ሁሉ የሚያስቆም የዘይት እንክብል በሰው ላይ ተፈትኖ አልተረጋገጠም።

እስቲ ዘይቱ ጉበትን ጠበቀ እንበል። ልብንስ? ስቴሮይድ ጥሩውን ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ መጥፎውን ከፍ ያደርጋል፣ ደምን ያወፍራል፣ የልብን ጡንቻ ያደድራል። አንጎልም ከውጭ የመጣውን ሆርሞን አይቶ «በቂ አለ» ብሎ የራስን ምርት ያስቆማል፤ የዘር ፍሬ ይኮሰምናል፣ የወንድ ዘር ቁጥር ይወርዳል። ልጅ ለመውለድ ሲፈልግ ሐኪም ቤት የሚመላለስ ባል ሊሆን እንደሚችል ለዚያ ልጅ የነገረው ሻጭ የለም።

በአሜሪካ በመድኃኒትና በሰፕልመንት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። ከ839 ሕመምተኞች 130ዎቹ ጉዳቱ የደረሰባቸው ከሰፕልመንት ነበር፤ ከእነዚህም 45ቱ ጡንቻ ለመገንባት የሚሸጡ ምርቶችን የወሰዱ ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ሲሆኑ፣ ቢጫነቱ በመካከለኛ ግምት 91 ቀን ቆይቶባቸዋል። እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ከእነሱ መካከል የሞተ ወይም የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈለገው አልነበረም። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ እያከኩ ማደር፣ ሥራ መቅረት፣ የተገነባው ጡንቻ ሲሟሽሽ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ዘይቱ የሚሰጠው የውሸት እርጋታ ነው። ጓደኛዬ ዓይኑ ቢጫ መሆን ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ያደረገው ነገር ቢኖር የእንክብሉን ቁጥር እጥፍ ማድረግ ነው። ሻጩ ጋ ደውሎ ሲጠይቅም «ስፖርተኛ ስለሆንክ ነው፣ የስፖርተኛ ጉበት ምርመራ ሁሌም ከፍ ይላል» ተባለ። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት የሚከፋው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች በጡንቻም ውስጥ ስላሉ ከከባድ ስፖርት በኋላ በደም ውስጥ ከፍ ማለታቸው እውነት ነው። ለዚህም ነው ስፖርተኛ ለሐኪሙ «ትናንት ስኳት ሠርቻለሁ» ብሎ መናገር ያለበት፤ ሐኪሙ ቢሊሩቢንና ሌሎች ምርመራዎችን ጨምሮ ምንጩን ይለየዋል። ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ ስኳት ግን የለም። ይህን እያወቀ ወይም ሳያውቅ በወጣት ልጅ ጉበት ላይ ምክር የሚሸጥ ሰው አማካሪ ሊባል አይገባውም።

የዘይት ስም ለስቴሮይድ መጠለያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ታዋቂው የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ባሪ ቦንድስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባልኮ በተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ላይ በተካሄደው ምርመራ ቃሉን ሲሰጥ፣ አሰልጣኙ ያቀረበለትን ፈሳሽ የተልባ ዘይት መስሎት እንደነበር ተናግሯል። ድርጅቱ ግን በምርመራ እንዳይታይ ተደርጎ የተቀመመ ስቴሮይድ ያሰራጭ ነበር።

የቀሩትን ተረቶች ባጭሩ እንያቸው።

ተረት፦ «የተልባ ዘይትና የዓሣ ዘይት አንድ ናቸው»
ሁለቱም ኦሜጋ 3 አላቸው፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። ሰውነት የተልባውን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ከመቶ ጥቂት እጁን ብቻ ነው። በጾም ወቅት ዓሣ የማይበላ ሰው የዓሣውን ዓይነት ከፈለገ የአልጌ ዘይት አለ፤ ዓሣዎቹ ራሳቸው የሚያገኙት በምግባቸው በኩል ከአልጌ ነው። ኑግና ሱፍ ደግሞ በአብዛኛው ኦሜጋ 6 ስለሆኑ ለዚህ ጉዳይ አይተኩም።

ተረት፦ «የተልባ ዘይት ጡንቻ ይገነባል»
ፕሮቲን የለውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል፤ ሰውነት ለመጨመር ካሎሪ ለጎደለው ሰው ያግዛል፣ ከዚያ ያለፈ ተአምር ግን የለበትም። ገንዘብ ለመቆጠብ ደግሞ ተልባውን መግዛት ይሻላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ለአንድ ወንድ በቀን የሚበቃውን 1.6 ግራም ያህል የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ይይዛል፣ አሰሩም አብሮት አለ። ሳይወቀጥ ከተዋጠ ግን አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

ተረት፦ «ተልባ ወንድነትን ያደክማል»
ወሬው የመጣው በፍሬው ውስጥ ካሉ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ኃይላቸው ደካማ ነው፤ በተጣራው ዘይት ውስጥ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። ቴስቶስትሮንን በእርግጥ የሚያቆመው በሌላኛው ኪስ ያለው ኪኒን ነው።

ተረት፦ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም»
የስኳር፣ የግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጥቁር አዝሙድ ዘይት በእንክብል ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱን ኃይል ሊጨምርበት ይችላል። የተልባ ዘይትም እሳት አይወድም፣ ከአየር ጋር ሲገናኝም ቶሎ ይበላሻል። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚበጠብጡት በአየር ስለሚደርቅላቸው ነው። ጠርሙሱ ቀለም ቀለም ከሸተተ ይደፋ።

ተረት፦ «ዘይት ስለሆነ ክንድ ውስጥ ቢወጋም ችግር የለውም»
ጡንቻ ለማሳበጥ ዘይት የሚወጉ አሉ። የሚያተርፉት መግል፣ ጠጣር እብጠትና ጠባሳ ነው፤ ዘይቱ ደም ሥር ከገባ ደግሞ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል። ይህን ማንም ለማንም አይምከር።

ጓደኛዬን በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሁለቱንም ዕቃ፣ ኪኒኑንም ዘይቱንም፣ ይዘን ገባን። ሐኪሟ እንክብሉን አየት አድርጋ አስቀመጠችውና ኪኒኑን አስቆመችው። ዓይኑ እስኪጠራ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቷል።

ወንድሜ፣ ጥቁር አዝሙድ ከወደድክ በዳቦህ ላይ ብላው፤ ተልባህንም ወቅጠህ ጠጣ። ኪኒኑን እየወሰድክ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ዓይንህን በመስተዋት እየው። ቢጫ ከሆነ ኪኒኑን አቁምና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ፤ የወሰድከውን ሁሉ ይዘህ ሂድ፣ አትደብቅ። ቢጫ ባይሆንም ኪኒኑን ስለማቆም ሐኪም አማክር። ጉበትህን የሚጠብቀው የምትጨምርበት ዘይት ሳይሆን የምትተወው ኪኒን ነው።