ውሻችሁ ኬሞ ስትጀምር

ከብልቷ ደም ጠብ ጠብ ሲል ብዙ ሰው «ወንድ ፈልጋ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ደሙ ለሳምንታት ካላቆመ ግን አስመርምሯት። በስሪያና በመላላስ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር አለ፤ የሚጋባው ቫይረስ ሳይሆን ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። እብጠቱ አበባ ጎመን ይመስላል። ወንዶቹንም ይይዛል፤ በብልታቸው ሽፋን ውስጥ ስለሚደበቅ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ደግነቱ፣ ለመድኃኒት ቶሎ እጅ ከሚሰጡ ካንሰሮች አንዱ ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 ባለው ዙር ይድናሉ። እብጠቱ ሟሸሸ ብሎ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ባለቤት ያናድደኛል (ይቅርታ!)፤ ሊያገረሽ ይችላል። ስትወጋ አጥብቃችሁ ያዟት፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል።

ቤት ስትመለሱ ለ3 ቀን ያህል ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን በጓንት አንሱ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አይንኩት። የምግብ ፍላጎቷ ቢቀንስ ሽንኩርት የሌለበት ለብ ያለ የሥጋ መረቅ ሞክሩላት። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ነጭ የደም ሕዋሷ ስለሚቀንስ ካተኮሳት ወይም ከደከመች በዚያው ቀን ለሐኪሟ ደውሉ። ዳይክሎፌናክም ሆነ ሌላ የሰው ማስታገሻ ከቤት አንስታችሁ አትስጧት።