ዶሮዋ መጣል ስታቆም ማን ይከሰስ?

ከአምስት ዶሮዎች በቀን አራት፣ አንዳንዴም አምስት እንቁላል መሰብሰብ ለለመደ ሰው ጠዋት ተነስቶ አንድ ብቻ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ሰውየው እንደ እኔ ሕግ የተማረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ ‹‹ዶሮዎቹ ምን ሆኑ?›› ሳይሆን ‹‹ማን ወሰደው?›› ነው፡፡

እኔም ያንኑ አደረግሁ፡፡ ቤት ውስጥ የምታግዘንን ልጅ ጠርቼ መስቀለኛ ጥያቄ አዥጎደጎድኩባት፡፡ በስንት ሰዓት በሩን ከፈትሽ? ስንት አገኘሽ? የት አስቀመጥሽ? ‹‹ጋሼ፣ ያገኘሁትን ነው የማመጣው›› አለችና ዝም አለች፡፡ ባለቤቴ ‹‹ኧረ ተዋት!›› ብትለኝም በልቤ ፈርጄ ጨርሼ ነበር፡፡

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወንበር አውጥቼ ከዶሮ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ፡፡ ረፋዱ ላይ አንዷ ጥላ ስትነሳ ሌላዋ መጣችና እንቁላሉን በምንቃሯ ጠቅ አደረገችው፡፡ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሳሳ ነበርና ወዲያው ተሰበረ፡፡ የቀሩትም ተሰብስበው ከነቅርፊቱ ጠራርገው በሉት፡፡

ነገሩን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ብነግረው ‹‹ምን እያበላሃቸው ነው?›› አለኝ፡፡ እውነቱን ተናገርኩ፡፡ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ሲወደድብኝ ትቼው በፉርሽካና በእንጀራ ፍርፋሪ ከያዝኳቸው ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፡፡ ‹‹እንግዲያው ሌባው አንተ ነህ›› አለኝ፡፡

ውድ አንባቢያን፣ በየግቢያችሁ አምስትም አሥርም ዶሮ ያላችሁ ብዙ ናችሁና፣ ከወዳጄ የተማርኩትንና በኋላም በራሴ ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ፡፡ ዶሮ መጣል ስታቆም ወደ ክስ ወይም ወደ ቢላዋ ከመሄድ በፊት በቅደም ተከተል የሚጣሩ ነገሮች አሉ፡፡

መጀመሪያ፣ እውነት አቁማለች ወይ? ከግቢ የምትለቀቅ ዶሮ ቁጥቋጦ ሥር ደብቃ ልትጥል ትችላለች፡፡ ወይም እንደ እኔዎቹ ይበሉታል፡፡ ጨለም ያለ፣ ጭድ የተነጠፈበት መጣያ ሳጥን ማዘጋጀትና እንቁላሉን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መሰብሰብ ይረዳል፡፡

ሁለተኛው ዝርያና ዕድሜ ነው፡፡ የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው፤ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለችው ደግሞ በጥሩ አያያዝ እስከ 300 ትደርሳለች፡፡ ስለዚህ የሀበሻዋን ‹‹ሰነፍ›› ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ እሷ ጥቂት ጥላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ ስትታቀፍም መጣሏን ታቆማለች፡፡ ባላገሩ ይህን ለማስተው ዶሮዋን ዘቅዝቆ ይሰቅላታል ወይም ጎረቤት ቤት ያሳድራታል፡፡ ከሁሉም የሚሻለው ግን ጭድ በሌለበት፣ ብርሃንና አየር በሚገባበት ሳጥን፣ ምግብና ውኃ ሳይጓደልባት ለሦስት አራት ቀን ማቆየት ነው፡፡ የውጭዎቹም ቢሆኑ ዓመት ያህል ከጣሉ በኋላ ላባቸውን ሲቀይሩ ለሁለት ሦስት ወር ሊያቆሙ ይችላሉ፡፡ ግቢው በላባ ተሞልቶ ዶሮዋ ግን ደህና ከበላች ሕመም አይደለምና አትደንግጡ፡፡ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን እንቁላሉ እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም፡፡

ሦስተኛውና እኔ የወደቅሁበት መኖ ነው፡፡ ‹‹ዶሮ ብታልም ጥሬዋን›› ይባላል፤ ጥሬ ብቻውን ግን እንቁላል አይሆንም፡፡ አንድ የእንቁላል ቅርፊት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል፡፡ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፡፡ ዶሮዋ ከምግቧ ስታጣ ከገዛ አጥንቷ ታወጣለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯ ይዝላል፣ በመጨረሻም ታቆማለች፡፡ ለጣይ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ፣ ከዚያም ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በዕቃ ማቅረብ መፍትሔ ነው፡፡ የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ነገር ግን ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁና ፈጭታችሁ ስጡ፤ እንዳለ ከሰጣችኋቸው እንቁላል መብላት ታስተምሯቸዋላችሁ፡፡ ውኃም አይረሳ፡፡ የእንቁላል ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ አንድ ቀን ብትጠማ ምርቷ ለቀናት ይዛባል፡፡

አራተኛው ብርሃን ነው፡፡ የውጭ ዝርያዎች ጥሩ እንዲጥሉ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ፡፡ እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፡፡ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አንዲት ትንሽ አምፖል ማብራት ልዩነቱን ያሳያል፤ አንዴ ከጀመራችሁ ግን ሰዓቱን አታዛቡት፡፡

አምስተኛው ቅማልና ቅንቅን ነው፡፡ በማታ ባትሪ ይዛችሁ ከላባዋ ሥርና ከቆጡ ስንጥቅ ፈልጉ፡፡ ደረቅ አፈርና አመድ በገንዳ አድርጋችሁ ብታስቀምጡላቸው ተንከባለው ራሳቸውን ያጸዳሉ፡፡ ዶሮ ቤቱንም ማጽዳት ግድ ነው፡፡

የመጨረሻው በሽታ ነው፡፡ ዶሮዋ አኩርፋ ከቆመች፣ መብላት ከተወች፣ እየቃተተች ከተነፈሰች፣ አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ ፈንግልን ጠርጥሩ፡፡ ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው፤ ክትባቱም እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፡፡ የሰው ቴትራሳይክሊን ከፍቶ ውኃ ውስጥ መበተን ቫይረሱን አይገድለውም፤ ትርፉ መድኃኒት ያለበትን እንቁላል ለልጆቻችን ማብላት ነው፡፡ በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን ክትባት ደግሞ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አትበጥብጡት፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፡፡

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ሌላም አለ፡፡ ለበዓል ከገበያ የገዛናትን ዶሮ እስክትታረድ ድረስ ከቤቶቹ ጋር እናውላታለን፡፡ በሽታውን ይዛ የመጣች ከሆነ የበዓሉ ማግስት ቆጡ ባዶ ይሆናል፡፡ የበዓሏ ዶሮ ለብቻዋ፣ ራቅ ብላ ትቆይ፤ አዲስ ለማርባት የመጣችም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተለይታ ትታይ፡፡

የእኔዎቹ መኖው ከተመለሰላቸው በኋላ ቅርፊቱ በሳምንታት ውስጥ ጠነከረ፤ እንቁላል መብላቱንም አንዷ ብቻ ስትቀር ተዉት፡፡ እንቁላሉም ወደ አራት ተመለሰ፡፡

ያልተመለሰ ነገር ግን ነበር፡፡ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ለስንቱ ስተነትን ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ በአምስት እንቁላል ምክንያት ዘነጋሁት፡፡ ይቅርታ ጠየቅኋት፡፡ ‹‹ምንም አይደል ጋሼ›› አለችኝ፡፡ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እንቁላሉን ሰብስባ ወደ ጓዳ ከመውሰዷ በፊት እኔ ዘንድ አምጥታ ትቆጥርልኛለች፡፡ እንዳትቆጥር ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፡፡ አልተወችም፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡