የአያት መዝገብ «ታሽጓል» የሚሉን ሰዎች

«አያትሽ በማደጎ ካደጉ ፋይላቸው ታሽጓል፤ እሳቸውም ካረፉ ነገሩ አብሯቸው ተቀብሯል።» ይህን አባባል በልቅሶ ቤትም፣ ከውጭ ከመጡ ዘመዶች ጋር በቡና ላይም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስህተት ብቻ ቢሆን ባላናደደኝ። የሚያናድደኝ ጊዜ መብላቱ ነው። የልጅ ልጅ ይህን ሰምታ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ በዚያው መካከል የአያቷን ወላጅ እናት በስም የሚያውቁት የመጨረሻዋ አሮጊት ያርፋሉ።

አባባሉ ከሜዳ አልተነሣም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የማደጎ ልጅ የመጀመሪያው የልደት ምስክር ወረቀት ለአሥርት ዓመታት ታሽጎ ኖሯል፤ ኒውዮርክ እንኳ የከፈተችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ግን ባለጉዳዩ በሕይወት ከሌለ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እንዲጠይቁ ፈቅዷል። እዚያም ቢሆን «አብሮ ተቀበረ» የሚለው አይሠራም ማለት ነው። ይህን የሰው አገር ወግ አምጥቶ ደብረ ማርቆስ ለተወለዱ አያት መለጠፍ ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

የእኛ ሕግ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ በግልጽ ይናገራል፤ ይህ ለተወላጆቹም ይሠራል። የጉዲፈቻው ቤተሰብ የሚበልጠው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነው። ቀደም ሲል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዝዝ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ በሕግ የተወሰደ ልጅ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ፈላጊው የሚታገለው ከአቧራና ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር ነው።

አብዛኞቹ አያቶቻችን ግን በውል አልተወሰዱም። እናት በወሊድ ሞተች፤ አባት በጣሊያን ጊዜ ዘምቶ ቀረ፤ ልጅ ያልወለደች አክስት «ይችን ለእኔ ስጡኝ» አለች፤ በቃ። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ያልተጻፈ ነገር ምኑ ይታሸጋል?

ታዲያ የት ይፈለግ? ልጅቱ አሳዳጊዎቿ ቤት ስትገባ የመጠሪያ ስሟ ሊለወጥ፣ በአባቷ ስም ቦታ የአሳዳጊዋ ሊገባ ይችላል። በሰማንያ ቀኗ የተሰጣት የክርስትና ስም ግን እስከ ፍትሐቷ አብሯት ይኖራል። ያን ቀን ያነሣቻት የክርስትና እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ የወላጆቿ ወዳጅ ወይም ጎረቤት ነበረች። ስለዚህ «ወላጆቻቸው እነማን ነበሩ?» ሲባሉ ፊታቸው የሚከፋ ሽማግሌ «የክርስትና እናታቸውስ?» ሲባሉ ይናገራሉ።

ርስትም አለ። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም ከአቅኚው አባት ተቆጥሮ ስለነበር፣ ሌላ ቤት ያደገ ሰውም በወላጆቹ በኩል ይከራከር ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ትውልድ መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በዚያ ሙግት የተነሡ ስሞች በሽማግሌ ጆሮ፣ አንዳንዴም በአውራጃ ፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ቀርተዋል።

ልቅሶን የሚያህል ግን የለም። አልቃሽ የሟችን ዘርና አገር ሳታነሣ አታልፍም። አንዲት የማውቃት ሴት የአያቷን ልቅሶ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላ ስታይ፣ አልቃሿ ከቤተሰቡ ማንም የማያውቀውን የገጠር አገር ስትጠራ ሰማች። ያን ጊዜ ድንኳኑ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ቀና አሉ። በዕለቱ ቤተሰቡ የዕድር ሰዎች መስለውት ነበር ያለፋቸው።

የቤተሰብን ዝምታ አልንቅም። ልጁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ልጄ» እየተባለ ያደገው በባርነት ከተያዘች ሴት የተወለደ ነበር፤ ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ቢወጣም ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ቆይቷል። ይህን የሸሸጉ አሮጊት ልጁን ከሰው አፍ ሊጠብቁ ነው የሸሸጉት። የልጅ ልጅ ማወቅ መፈለጓ ከዚያ ዝምታ ይበልጣል ወይ? እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቀሩትን አባባሎች ቶሎ ልለፋቸው። «ሰባት ቤት የሚቆጠረው ባደጉበት ነው» ይባላል። ባህሉ የሚቆጥረው ደምን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ዝም ያሉ ሽማግሌ ሠርግ ሲታሰብ ድንገት አፋቸውን የሚከፍቱትም ለዚሁ ነው። «የአባት ስም ዘር አይናገርም» የሚለውም ለሁሉ አይሆንም፤ እስልምና ልጅ በወለደው አባት ስም እንዲጠራ ስለሚያዝ፣ በሙስሊም ቤተሰብ ሁለተኛው ስም ራሱ መልሱ ሊሆን ይችላል።

«ዲኤንኤ ብሔርን ከነቀበሌው ይነግራል» የሚለው ከሁሉ ይብሳል። በመቶኛ የሚመጣው ካርታ ግምት ነው፤ የሚጠቅመው የዘመዶች ዝርዝር ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ራሱ የተመረመረ ሰው ብቻ ነው። ካሰቡበት ከእርስዎ ይልቅ የአያትዎ ልጅ የሆኑት እናትዎ ወይም አባትዎ ይመርመሩ፤ እነሱ ከአያትዎ ግማሹን ወርሰዋል፣ እርስዎ ሩቡን ገደማ።

«የታሸገውን ፋይል በሰው አስወጣለሁ» ብሎ ዶላር የሚጠይቀውን ደላላ በተመለከተ፣ የሌለ ማኅተም ሊሰብርልዎ ነው የሚከፈለው። የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቁት። ሦስቱን ሳይነግርዎ ቀብድ ካለ ስልኩን ይዝጉበት።