ያውቁ ኖሯል? ዘግይተው አንደኛ የወጡ ዘፈኖች

(ዓመታቱ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈን በወጣበት ሳምንት የሚያገኘው ደረጃ የገበያ ደረጃ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው አድማጭ እንደገና ይመዝነዋል፤ እኔ የማምነው ይህን ሁለተኛውን ሚዛን ነው።

የአሜሪካው ቢልቦርድ «ሆት 100» ሰንጠረዥ በኦገስት 4 ቀን 1958 ሲጀመር አንደኛ የነበረው የሪኪ ኔልሰን «ፑር ሊትል ፉል» ነው። ሰንጠረዡ 50 ዓመት ሲሞላው ግን የዘመናት ሁሉ ቁንጮ የተባለው የቸቢ ቼከር «ዘ ትዊስት» ሆነ። ይህ ዘፈን በ1960 አንደኛ ወጥቶ ከወረደ በኋላ በ1962 ተመልሶ አንደኛ ሆኗል።

በ2021 ቦታውን ማን እንደወሰደበት ያውቁ ኖሯል? ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ በ«ብላይንዲንግ ላይትስ»። አንደኛ ሆኖ የቆየው 4 ሳምንት ብቻ ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ የቆየው ግን 90 ሳምንት፣ ከዚህም ውስጥ 57ቱን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ደረጃ ውስጥ ነው።

የቦብ ዲላን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» በ1965 በቢትልሶች «ሄልፕ!» ተበልጦ ሁለተኛ ላይ ቀረ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2004 ታላላቅ ያላቸውን 500 ዘፈኖች ሲደረድር ግን አንደኛ አደረገው። በ2021 ዝርዝሩ ሲታደስ ደግሞ ወደ አራተኛ ወረደና የአሬታ ፍራንክሊን «ሪስፔክት» አንደኛ ወጣ። ይህን ዘፈን ጽፎ አስቀድሞ የዘፈነው ኦቲስ ሬዲንግ ነው።

ኬት ቡሽ በ1985 ያወጣችው «ረኒንግ አፕ ዛት ሂል» በብሪታንያ ከሦስተኛ አላለፈም ነበር። በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተሰኘው ተከታታይ ፊልም ሲሰማ፣ በ37 ዓመቱ አንደኛ ሆነ።

ለእኛ የቀረበው ታሪክ ግን የ1984ቱ የፈረንጆች ገና ነው። በኦክቶበር ወር የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ እኛ በራሳችን አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ የምንለውን መከራ ለዓለም አሳየ። ዘገባውን ያየው ድምፃዊው ቦብ ጌልዶፍ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ጻፈ፤ ዝነኛ ድምፃውያንን «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም ሰብስቦም በኖቬምበር 25 ለንደን ውስጥ አስቀረጸ። «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?» በገናው ሳምንት በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የሆነው የዋም! «ላስት ክሪስማስ» ነበር። የዋም! ድምፃዊ ጆርጅ ማይክል በሁለቱም ላይ ዘፍኗል! ዋም! ከዘፈኑ ያገኘውን ገቢም ለዚያው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ ሰጥቷል። አንደኛውም ሁለተኛውም ለወገኖቻችን ገንዘብ ያሰባሰቡበት ሳምንት ነበር ማለት ነው።

የባንድ ኤይድ ዘፈን በ1989 እና በ2004 በሌሎች ድምፃውያን ተሠርቶ ሁለቴም የገናውን አንደኝነት ወስዷል። «ላስት ክሪስማስ» ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የሆነው በጃንዋሪ 2021 ነው። በ2023 ደግሞ በገናው ሳምንት አንደኛ ወጣ፤ ሁለቱም ዘፈኖች 40 ዓመት በሞላቸው በ2024ም ደገመው። ጆርጅ ማይክል ይህን አላየም፤ በ2016፣ በዚያው በፈረንጆች ገና ዕለት አርፏል።

የባንድ ኤይድ ዘፈን ያስገኘውን እርዳታ አከብራለሁ። ርዕሱ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ተብሎ የተጠየቀላቸው ሰዎች አገር ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። ዘፈኑ 40 ዓመት ሲሞላው ከአፍሪካውያን አርቲስቶች የተነሣውም ወቀሳ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሁለተኛውን ሚዛን በየዓመቱ የሚያነሡም አሉ፤ በሆላንድ ሕዝቡ በየዓመቱ ድምፅ እየሰጠ 2000 ዘፈኖች ይመርጣል፤ ከገና እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ሌት ተቀን በሬዲዮ ይተላለፋሉ። ከ1999 ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈው የኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ነው። ፓሪስ ውስጥ የሽብር ጥቃት በደረሰበት በ2015 ግን ስለ ሰላም የሚዘምረው የጆን ሌነን «ኢማጂን» ቀደመው።

ሁለተኛው ሚዛን ለእኛም ሙዚቃ ደርሷል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ከ1969 እስከ 1974 የቀረጻቸው ሙዚቃዎች በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ 4ኛ ቅጽ ተሰብስበው ወጡ። «የከርሞ ሰው»ን በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ አሰማው፤ ሥራው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ አድማጭ አገኘ።