ቲቢና ስኳር ሲደራረቡ

ቲቢ በአየር የሚተላለፍ፣ መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ በወራት የሚድን በሽታ ነው። ስኳር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ክትትሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። የስኳር ሕመምተኛ በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል።

ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ እንደገባበት ይገመታል። አብዛኛው ሰው የማይታመመው የሰውነቱ መከላከያ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ከበው ስለሚይዙት ነው። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ ተኝቶ የነበረውም ባክቴሪያ ሊነሣ ይችላል።

ቲቢም በበኩሉ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ። ስለዚህ ቲቢ በተገኘበት ሰሞን ከፍ ብሎ የታየ ስኳር ጊዜያዊ ሊሆን ስለሚችል፣ ሕክምናው ከገፋ በኋላ በድጋሚ መለካት አለበት።

መክሳትና ድካም የሁለቱም ምልክቶች በመሆናቸው ብዙ ሰውን ያዘናጋሉ። ቲቢ በስፋት በሚገኝባት ኢትዮጵያ፣ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ሌሊት የሚያልበው የስኳር ሕመምተኛ «ስኳሬ ነው» ብሎ ሳይተወው አክታውን ማስመርመር ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማዕቀፍ የቲቢ ታማሚ ስኳሩ እንዲለካ፣ የስኳር ታማሚም ለቲቢ እንዲታይ መክሯል።

አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቶቹ ሲገናኙ ነው። የቲቢ ዋነኛ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር እንክብሎች ቶሎ ከሰውነት ይወገዳሉ፤ ታማሚው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስኳሩ ይጨምራል። ኢንሱሊን በዚህ መንገድ አይነካም፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር እንክብልም ቢሆን የሚደርስበት ተጽዕኖ አነስተኛ ነው። ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ ደግሞ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ስኳርም ነርቭን ስለሚያጠቃ ለእነዚህ ታማሚዎች ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይሰጣል።

ጥንቃቄው የቲቢው መድኃኒት ሲያልቅም አይቀርም። ሪፋምፒሲን ከቆመ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ስኳሩን ለመቆጣጠር ተብሎ የተጨመረው እንክብል ያኔ ካልተቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሰውየውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ታማሚው የመጨረሻውን የቲቢ እንክብል እንደዋጠ ወደ ስኳር ክሊኒኩ ሄዶ የመድኃኒቱን መጠን ማሳየት አለበት።