ድርግም የሚለው አምፖልና ዝም ያለው

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ቤት ነው። ቤቱ በፈረንጆቹ 1958 የተሠራ ነው። አምፖል የሚንጠለጠልበት ቦታ የለም፤ ኮርኒሱ ክብ ክብ ተደርጎ ተቀዶ የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ማቀፊያ ገብቶበታል፣ አምፖሉ እሱ ውስጥ ተቀብሮ ወደ ታች ያበራል። ሳሎን 4፣ ኩሽና 4።

አምና በብርዱ ወቅት አጎቴን የማሞቂያ ሂሳብ መረራቸውና ከኮርኒሱ በላይ ኢንሱሌሽን የሚሉትን ጥጥ መሰል ነገር አስሞሉ። እኔም ኢኮኖሚክስ የተማርኩት «ምርጥ ኢንቨስትመንት!» ብዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የሳሎኑ መብራቶች አመል አወጡ። ግማሽ ሰዓት ያበራሉ፣ ድርግም ይላሉ፣ ቆይተው ራሳቸው ይመለሳሉ። የኩሽናዎቹ ሰላም ናቸው። የሳሎኑን እየረገምን የኩሽናውን እያመሰገንን ከረምን።

ኤሌክትሪሺያን ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የሳሎኖቹ በኋላ የተቀየሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ማቀፊያ ከመጠን በላይ ሲግል መብራቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። ድርግም ሲሉ «ታፈንን» እያሉን ነበር። የኩሽናዎቹ ግን የ1958ቶቹ ናቸው፤ መቆጣጠሪያ የሚባል የላቸውም። ቢግሉም ዝም ብለው ያበራሉ። ቀና ብዬ ሳይ ዙሪያቸው ያለው ቀለም ቡናማ ሆኗል። እኔ ደግሞ ስንት ወር ከሥሩ ቁጭ ብዬ ቁርሴን በልቻለሁ!

የድሮው ባለክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ያህሉን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው። ባለ 75 ዋቱን ትንሽ ምድጃ በሉት። ለዚህ ነው የድሮው ማቀፊያ ከኢንሱሌሽኑ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መራቅ ያለበት። እኛ ብርድ ልብስ ደረብንለት።

«አምፖሉን ብቻ በኤልኢዲ ብንቀይረውስ?» አልኩት።

«ሙቀቱ ይቀንሳል። ለዓመታት ተጋግሮ የደረቀው የሽቦ ልባስ ግን አይታደስም» አለኝ። ልባሱ ከተሰነጠቀ ሽቦ ከሽቦ ሊነካካ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈለግኩም። እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት የምትኖሩ፣ እስቲ ቀና ብላችሁ እዩ።

ሂሳቡን ቀድሜ ሠርቼው ነበር። 8 አምፖል በ75 ዋት 600 ዋት ነው፤ በ10 ዋት ኤልኢዲ 80። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ ልዩነቱ በዓመት 950 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዱን በ18 ሳንቲም ብንይዘው 170 ዶላር። ይህን ለአጎቴ ስንቴ ነግሬያቸው አልሰሙኝም። ቡናማውን ክብ ያዩ ቀን ግን ዋጋ እንኳን ሳይከራከሩ ስምንቱንም አስቀየሩ፤ ኢንሱሌሽን ቢነካቸው ችግር የሌለባቸው ባለ ኤልኢዲዎች ገቡ፣ የኩሽናው ሽቦም ተቀየረ።

አሁን የቀረን ጋራዥ ውስጥ ያለው ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ የድሮዎቹ አምፖሎች ከገበያ እንዲወጡ ሲደረግ አጎቴ «ሊጠፉ ነው» ብለው ሁለት ካርቶን ገዝተው አስቀምጠዋል። ልጣላቸው አልኩ።

«ተው፣ ለክፉ ቀን» አሉኝ።